አባዬና ዓይን ያልገለጡት ግልገሎች

ኮሮና አገራችን የገባ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ከሠራተኛው ግማሹን ቤታችሁ ሆናችሁ ጥሪ ጠብቁ ብሎ ሲያሰናብት፣ እኔም ከተሰናበቱት ጋር ነበርኩ። ጅጅጋ ያን ሰሞን ሌላ ከተማ መስላኝ ነበር። የባጃጁ ጡሩምባ ቀነሰ። ከሰዓት በኋላ የሚደራው ጫት ተራ እንኳ ሰው ከሰው ርቆ፣ አፉን ሸፍኖ የሚቆምበት ሆነ። ያልተለወጠው ነፋሱ ብቻ ነበር፤ አቧራውን ከመንገድ እያፈሰ በቆርቆሮ አጥራችን ላይ ሲደፋ ይውላል።

እውነቱን ለመናገር የከበደኝ በሽታው ብቻ አልነበረም። ከአባዬ ጋር ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት መዋልም ከብዶኝ ነበር። ያኔ እናቴ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አባዬ «ደህና አደርሽ» እና «ደህና እደሪ» ከማለት አልፎ ብዙም አይናገርም። ሬዲዮኑን ከፍቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ሬዲዮኑ ባትሪ ሲጨርስም እዚያው ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

ድሮም ቢሆን ብዙ አናወራም ነበር። እኔ ያደግሁት ጅጅጋ፣ ከእናቴ ጋር ነው፤ ወታደር ሆኖ ወደዚህ አገር የመጣው አያቷ በሠራው ቤት ውስጥ። አባዬ ደግሞ የባቡር ሰው ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በአሮጌው ሐዲድ ላይ አዲጋላ የምትባል ጣቢያ አለች፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ባቡሩ እስኪቆም ድረስ የሠራው እዚያ ነው። ባቡር ሲገባና ሲወጣ ባንዲራ ያሳያል፣ ዕቃ ይመዝናል፣ ስልክ ያነሳል፤ ትንሽ ጣቢያ ላይ ሥራ አይመረጥም። እኔ በልጅነቴ የማውቀው በፈቃድ ሲመጣ ነው፤ ተምርና ብስኩት ይዞልኝ ይመጣል፣ ደንግጬ ሳልለምደው ይመለሳል። ጡረታ ወጥቶ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምር እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር። በመካከላችን ሆና የእሱን ለእኔ፣ የእኔን ለእሱ የምታደርሰው እናቴ ነበረች። እሷ ስትሄድ ሁለታችን ምን እንደምንባባል ጠፋን።

እናቴ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረቻት። እናቴ ከሞተችም በኋላ ድመቷ አመሻሽ ላይ የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ መጠበቋን አልተወችም። የተረፈውን የምሰጣት እኔ ነኝ። አባዬ በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። ድመት የሚጠላ ይመስለኝ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት የሶማሌ እናት ይኖራሉ። «ኤዶ» ነው የምላቸው፤ በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው። ልጆቻቸው አግብተው በየከተማው ተበትነዋል፤ እሳቸው ከጥቂት ፍየሎቻቸው ጋር ቀርተዋል። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ አንቱታን ግን አማርኛቸው ውስጥ አስገብተው አያውቁም። አባዬን በዕድሜ ቢበልጣቸውም «አንተ» ነው የሚሉት። አባዬ ይህን ይወድላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ኤዶ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ድመታችሁ አስፋልቱ ዳር ወድቃለች፣ መኪና ሳይገጫት አልቀረም አሉኝ። ጆንያ ይዤ ሄድኩ። አንዳች ቁስል አይታይባትም፤ የተኛች ነው የምትመስለው። ላነሳት ስል ግን ሆዷ ሥር ጡቶቿ አብጠው፣ በአካባቢያቸው ያለው ፀጉር ርሶ አየሁ። ለካ ወልዳለች። ሆዷ የጎደለው ከቀናት በፊት መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ያኔ ልብ ሳልለው አልፌዋለሁ። ጓሮ ቀብሬያት ስመለስ ጆሮዬን ጥዬ ግቢውን ዞርኩ።

ድምፁ የመጣው ከዕቃ ቤት ነው። ወፍ ከቆርቆሮ ሥር ገብታ የምትጮህ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው። የእናቴን የክረምት ልብሶች ያስቀመጥኩበት ካርቶን ነበር፤ ክዳኑ በአንድ በኩል ተቀዷል። ውስጡ በሹራቧ ላይ አራት ግልገሎች ተደራርበው ተኝተዋል። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም፣ ጆሯቸው ከራሳቸው ጋር ተጣብቋል። ሁለቱ እንደ እናታቸው ግራጫ ናቸው፣ አንዷ ነጭ ጣል ጣል ያለባት፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥቁር፣ ከሁሉም ያነሰ። ጣቴን ባስጠጋው ጊዜ ጡት መስሎት አፉን ከፈተ።

ካርቶኑን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ። አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ ወደ ውስጥ አየ።

«እነዚህ አይኖሩም» አለኝ። «ተያቸው፣ አታድክሚያቸው።»

ከብዙ ወራት በኋላ የነገረኝ ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። ሰማሁት፤ ልተዋቸው ግን አልቻልኩም። የዱቄት ወተት በሞቀ ውሃ በጥብጬ በሻይ ማንኪያ ልሰጣቸው ሞከርኩ። ወተቱ በአንገታቸው ላይ ፈሰሰ፤ ጥቂት የገባለት አንደኛው በአፍንጫው መልሶ አወጣውና አስነጠሰው። የገደልኩት መስሎኝ ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

ወደ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ፤ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሳቀብኝ። እኔ የማውቀው ግመልና ላም ነው፣ ድመት ይዞብኝ የመጣ ሰው እስካሁን የለም አለ። ግን ሰው ጠይቄ ልደውልልሽ ብሎ ዘጋ፤ ቃሉንም ጠበቀ። መጀመሪያ አሙቂያቸው፣ ገላው የቀዘቀዘ ግልገል ወተት አይፈጭም አለኝ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጪያቸው፤ የፍየል ወተት ካገኘሽ ከላም ይሻላቸዋል፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጊላቸው አለ። ሲመገቡ ደግሞ በረጠበ ሞቅ ያለ ጥጥ ከሆዳቸው በታች እንዳሻሻቸው ነገረኝ። እናታቸው ካልላሰቻቸው ሽንታቸውን እንኳ በራሳቸው ማውጣት አይችሉም። ይህን ሲሰማ የነበረው አባዬ ሬዲዮኑን ቀነስ ሲያደርገው አየሁት።

መድኃኒት ቤት ያለው ወጣት ሲሪንጁን ሲሰጠኝ ሕፃኑ ስንት ጊዜው ነው አለኝ። የድመት ነው ስለው ትንሽ አሰብ አደረገና ሁለተኛ ጨመረልኝ፤ ላስቲኩ ቶሎ ይደርቃል ብሎ። ወተቱን ኤዶ ሰጡኝ። አንደኛዋ ፍየላቸው ገና መውለዷ ነበር። እየታለበች ሳለ በአጥሩ ጥግ ቆሜ ነገሩን ስነግራቸው ቆርቆሮ ኩባያውን ሞልተው አቀበሉኝ። የእናትሽ ድመት ልጆች ናቸው አይደል፣ አሉኝ፤ እናትሽ ልጆቼ ሲታመሙ አብራኝ የተቀመጠች ሰው ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ኩባያው በአጥሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ አደረግሁ። ግልገሎቹ እየተንፏቀቁ ሄደው ተለጠፉበት። ከዚያ አንደኛውን አንስቼ፣ እንደ ሕፃን በጀርባው ክንዴ ላይ አጋድሜ ሲሪንጁን ላስጠጋ ስል፣ አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። ግልገሉን ከእጄ ወሰደ። ጉልበቱ ላይ ፎጣ ዘርግቶ በሆዱ አስተኛው። ጭንቅላቱን በሁለት ጣቶቹ ቀና አደረገና ሲሪንጁን በአፉ ጎን በኩል አስገባለት።

«እንደ ሰው ልጅ አይደለም» አለኝ። «በጀርባው ካጠባሽው ሳንባው ይገባል። በሆዱ ነው።»

የአባዬ እጆች ትልልቅ ናቸው፤ ብረትና ጆንያ ሲያነሱ የኖሩ። በእነዚያ እጆች መካከል የግልገሉ ጆሮ በዋጠ ቁጥር ወደ ኋላ ሲል ይታያል። የፊት እግሮቹ ደግሞ የአባዬን አውራ ጣት ገፋ ለቀቅ፣ ገፋ ለቀቅ ያደርጋሉ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምናየው። ከየት እንዳወቀው አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይተወዋል ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሳንነጋገር ተከፋፈለ። አባዬ ከመሳቢያው ውስጥ የባቡር ሰዓቱን አወጣ፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ አስሮት የማያውቀውን። ወተት የሚሰጥበትን ሰዓት እንደ ባቡር መግቢያ ያስከብረው ጀመር። እኔ ልብስ እያጠብኩ ብሆን እንኳ መጥቶ ይቆማል፤ «ሰዓቱ ደርሷል» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ፔርሙዙ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሁዳዴ ጾም ነበር፤ አባዬ ጾሙን አጥባቂ ስለሆነ የወተቱን ሙቀት በአፉ አይሞክርም። እጁን ገልብጦ አንጓው ላይ ጠብ ያደርግና ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወይ «ይብረድ» ብሎ ይመልስልኛል። በጥጡ የሚያሻቸውም እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀፍፎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሥራውን ሲጨርስ የእያንዳንዱን ሆድ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ለስልሷል፣ ይህኛው ገና ነው እያለ ይነግረኛል። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ገባ። ስለ ሆድና ስለ ወተት ቢሆንም ወሬ ወሬ ነው።

ትንሹ ጥቁሩ ግን አልሆነለትም። ሌሎቹ ሲሪንጁን በጥፍራቸው እየያዙ ሲስቡ እሱ ሁለቴ ጠብቶ ይደክማል። ወንድሞቹ እየረገጡት ወደ ሙቁ ጠርሙስ ሲሄዱ ጥግ ላይ ይቀራል። አባዬ ለብቻው አወጣው። ሽርጡን እንደታጠቀ፣ በሸሚዙና በገላው መካከል አስገብቶ፣ ቁልፉን ቆልፎ ይዞት ይውል ጀመር። በረንዳ ላይ ሲቀመጥም፣ ጓሮ ሲወርድም እዚያው ነው። ኤዶ በአጥሩ ላይ አይተውት «አንተ፣ አረገዝክ እንዴ?» ሲሉት አባዬ ሳቀ። ሳቁን ረስቼው ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው መሆኑን ያወቅሁት ከሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ስወጣ አባዬ እጁን ሸሚዙ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ሬዲዮኑ አልተከፈተም።

«ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ» አለኝ።

ቁልፉን ፈትቼ አወጣሁት። ከወፍ ላባ አይከብድም ነበር። አባዬ ራሱ ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ቆፈረለት። ሲመለስ ፊቱ ርሷል። ለእናቴ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እንግዳ ሲቀበል ነው የዋለው። እኔም ያኔ ልቤ ውስጥ ታዝቤው ነበር። ሻዩ በረደ። በረንዳው ላይ እንደተቀመጥን፣ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

«እናትሽን መጀመሪያ ያየኋት ድመት ስታበላ ነው» አለ።

አዲጋላ ጣቢያ ዕቃ ቤት ውስጥ ድመት ነበረች፤ እህሉን ከአይጥ እንድትጠብቅ የተቀመጠች። አንድ ሰሞን ወልዳ ጠፋች፣ ቀበሮ በልቷት ይሁን አይታወቅም። የዚያኑ ዕለት ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ተበላሽቶ ጣቢያው ላይ ቆመ። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ በሐሩሩ ጥላ ይፈልጋል። ከመንገደኞቹ መካከል ከአክስቷ ጋር ጨርቅ ለመግዛት ወደ አይሻ የምትሄድ አንዲት የጅጅጋ ልጅ ነበረች። አባዬ ውሃ ለመንገደኞች ሊያቀርብ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የግልገሎቹን ጩኸት ሰምታ ገብታ ነው። የነጠላዋን ጫፍ በሻይ ወተት እየነከረች ታጠባቸዋለች። አባዬ ሊረዳት ብሎ አንዱን በጀርባው ሲይዘው በሆዱ አድርገው ብላ ተቆጣችው። እጁን ይዛ ነው ያሳየችው።

«ለዚህ ነው?» አልኩት።

«ለዚህ ነው። ከሞተች በኋላ ያቺን ድመት ማየት ያቃተኝ ለዚህ ነው።»

እንዲህ ያለ ታሪክ ቤታችን ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። እናቴ በዘመድ በኩል ተጋባን ብላ ነው የነገረችኝ። አባዬ ይህን ስነግረው ዘመድ የገባው በኋላ ነው አለኝ፤ አክስትየዋ በጣቢያው ላይ ባየችው ነገር ተቆጥታ ለቤተሰቡ ስትናገር ነው ሽማግሌ መላክ ግድ የሆነው። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ስለ ሰርጋቸው ነገረኝ፣ በማግሥቱ ደግሞ እኔ ስወለድ ባቡሩ ዘግይቶበት እንዴት በጭነት መኪና እንደመጣ። ወሬው እንዳይቋረጥ ብዬ ሳህን ሳላነሳ እቀመጥ ነበር።

የቀሩት ሦስቱ ዓይናቸውን የገለጡት ለፋሲካ ስንዘጋጅ ነው። መጀመሪያ በአንድ በኩል ስንጥቅ ይታያል፣ ከዚያ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ። ዓይናቸውን ሲገልጡ አባዬ አሁን ሰው ሆነዋል፣ ስም ይገባቸዋል አለ፤ የሚያውቀውን ስም ነው ያወጣላቸው። ሐዲዱን ተከትሎ ጣቢያዎቹን ከድሬዳዋ ጀምሮ ቆጠረ። አንደኛው ግራጫ ሽንሌ ተባለ፣ ነጭ ጣል ያለባት ሴቷ አዲጋላ፣ ሌላው ግራጫ ወንዱ ደወሌ። አይሻን መሃል ላይ ዘለለው። ለምን ስለው፣ የሴት ልጅ ስም ስለሆነ ኤዶ ድመት ሲጠራበት ሰምተው ቅር እንዳይላቸው ነው አለኝ። ኤዶ በኋላ ይህን በሰሙበት ቀን ከኩባያው ወተት ጋር አንድ ሳህን ሐልዋ ለአባዬ ላኩለት።

ፋሲካ እንዳለፈ ረመዳን ገባ። ያን ዓመት ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተሳለመ ጥቂት ሰው ነው፤ መስጊዱም እንደ ወትሮው አልሞላም። ሁሉም በየቤቱ ነው ያከበረው። ግልገሎቹ ግን በሽታ አያውቁም። ካርቶኑን ገልብጠው መውጣት ጀመሩ። አባዬ ለሽንታቸው ከወንዙ ዳር አሸዋ አምጥቶ በሰፌድ ነፍቶ ትሪ ላይ አደረገላቸው፤ ሦስቱም ያለ አስተማሪ ገብተው ጫሩት። ከሲሪንጅ ወደ ሳህን ሲሸጋገሩ ደግሞ መከራ ነበር። ሽንሌ በአራት እግሩ ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፣ ደወሌ አፍንጫውን ይነክርና ያስነጥሳል። የተቀቀለ ጉበት አድቅቀን ከወተቱ ጋር ስንለውስላቸው ነው የገባቸው። ከዚያ በኋላ ማድ ቤት ውስጥ ቢላዋ በተሰማ ቁጥር መጋረጃ ላይ ይወጣሉ። የእናቴ ዳንቴል መጋረጃ ያን ጊዜ ነው የተቦጫጨቀው። አባዬ ተይው፣ እሷም ብትኖር አትቆጣም አለ።

ሴቷ አዲጋላ በአጥሩ ሥር መሹለክ የተማረችው ከሁሉም ቀድማ ነው። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወደ ኤዶ ግቢ ትሻገራለች። ኤዶ ጾማቸውን በተምር ሲፈቱ ለእሷም ከሾርባው ሥጋ ቁራሽ ያወጡላታል፤ እሷም ምንጣፉ ጥግ ላይ እጅዋን አጣጥፋ ትጠብቃለች አሉኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እዚያው ማደር ጀመረች። ኤዶ ወደ እኔ መጥተው ያፈሩ በሚመስል ድምፅ ተናገሩ።

«አባዮ፣ ድመትሽ እኔ ጋ ቀርታለች። ላባርራት አልቻልኩም።»

«አባዮ» በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሉኝ አንድ ነገር ሊጠይቁኝ መሆኑን አውቃለሁ። ወተቷ የእርስዎ ነው፣ እሷም የእርስዎ ናት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ «ቢሳድ» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ድመት ማለት ነው። ከተማ ስም ለድመት ምን ያደርግላታል ይላሉ።

ያን ክረምት አባዬ ስልኩን አምጥቶ አንድ ቁጥር ፈልጊልኝ አለኝ። አዲጋላ ላይ አብሮት የሠራ፣ ባቡሩ ከቀረም በኋላ ከጣቢያው ያልለቀቀ የሶማሌ ሰው ነው። ለዓመታት አልተደዋወሉም ነበር። ሲገናኙ በሶማልኛ፣ መሃል መሃል ላይ የድሮ የባቡር ፈረንሳይኛ እየጨመሩ ጮክ ብለው አወሩ። አባዬ ስልኩን ሲዘጋ፣ ጣቢያው ቤት በአይጥ ተወርሯል ይላል፣ ድመት ልወስድለት ነው አለኝ። የሚሄደው ደወሌ እንደሆነ ወስኗል፤ ሽንሌ ፈሪ ነው፣ በረሃ አይሆነውም።

መንገዱ ቀለል ሲል፣ መስከረም ላይ ሄድን። ደወሌ ክዳን ባለው ዘንቢል ውስጥ ነበር። እስከ ሐረር ድረስ ያለ ማቋረጥ ጮኸ፤ ሹፌሩ ቴፑን ከፍ በማድረግ ተበቀለው። ድሬዳዋ ዘመድ ቤት አድረን በማግሥቱ በሌላ መኪና ቀጠልን። እኔ ያንን አገር አላውቀውም ነበር። ድንጋዩ፣ ግራሩ፣ ሙቀቱ፣ ሩቅ የሚታዩት ግመሎች። አባዬ ግን ፊቱን ከመስኮቱ አላነሳም፤ ጉብታውን ሁሉ በስሙ ይጠራዋል።

ጣቢያው አርጅቷል። ግድግዳው ተልጧል፣ ሐዲዱ አሸዋ ለብሷል፣ አንድ የቆመ ፉርጎ በፀሐይ ቀይ ሆኗል። የአባዬ ባልደረባ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ጢሙን በሂና ያቀላ ቀጭን ሽማግሌ። ኮሮና ነው ብዬ ላስታውሳቸው ስል ተቃቅፈዋል። ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ደወሌን ከዘንቢሉ ስናወጣው ግቢውን አሸተተና በቀጥታ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባ። ስሙን ስንነግረው ሽማግሌው ቅር አለው። ደወሌ ጣቢያ እህላችንን ሲበላብን የኖረ ነው፣ እንዴት ደወሌን አዲጋላ ታመጣብኛለህ አለ። ኋላ ግን እሱ ራሱ በዚያው ስም ሲጠራው ሰማሁ።

ከግመል ወተት ሻይ ጋር ምሳ በላን። እኔም አባዬ የነገረኝን አነሳሁ፤ ባቡሩ ስለተበላሸበት ቀን፣ ስለ እናቴና ስለ ግልገሎቹ። ሽማግሌው ጥርሱን እየፋቀ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ በሶማልኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አባዬ አንገቱን ደፋ።

«ልጄ» አለኝ በአማርኛ፣ «ባቡሩ እኮ ቶሎ ተጠግኖ ነበር። ባንዲራ የሚያሳየው ሰው ጠፍቶብን ነው እስከ ማታ የቆመው። ሹሙ እየተሳደበ ይፈልገዋል፣ መንገደኛው ይጮሃል። እሱ ዕቃ ቤት ውስጥ ድመት ያጠባል።»

አባዬን አየሁት። እንደ ልጅ አፍሮ ይስቃል፤ እንባው እስኪወርድ ድረስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ደረቅ ጣቢያ፣ በፉርጎው ጥላ ሥር ሦስታችንም እየሳቅን ነበር። እናቴ ይህን ታውቅ እንደነበር ጠየቅሁት። አላውቅም አለ፤ ባቡሩ ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብላ ትኩር ብላ አየችኝ፣ ሳታውቅ አትቀርም።

ስንመለስ አባዬ ድሬዳዋ ድረስ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ጥቂት ዓመታት ኖረ። ሥራ ተመለስኩ፤ ማታ ስገባ ሽንሌ ጭኑ ላይ፣ እሱ በረንዳው ላይ ናቸው። ምን እንደዋለ ይነግረኛል፣ እኔም መሥሪያ ቤት የሆነውን እነግረዋለሁ። ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር አይደለም። ባልደረባውም በየጊዜው እየደወለ ስለ አይጦቹ ሪፖርት ያደርግለት ነበር። አባዬ ያረፈው ካቻምና ነው፣ ታሞ ብዙም ሳይቆይ፣ በቤቱ። ሽማግሌው አሸዋ በለበሰ ጫማ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ከአዲጋላ መጣ፤ ኤዶ ሠልስቱን ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሱም። ሽንሌ አሁንም አለ። ወፍሯል፣ መዝለልም ትቷል።

ኤዶ በዚህ ዓመት ልጃቸው ጋ ለመኖር ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። ፍየሎቹን ለዘመድ ሰጡ፣ ድመቷን ግን በካርቶን ይዘዋት ሄዱ። ከአጥሩ ማዶ አሁን ሌላ ሰው ገብቷል፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ገና አልተለማመድንም። ባለፈው ኢድ ደውዬ ኤዶን እንኳን አደረሰዎ አልኳቸው። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አወራን። ከዚያ ቆዪ ብለው ስልኩን ለድመቷ አስጠጉላት። ጠራኋት። ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን አቆመች ብለው ነገሩኝ። እውነት ይሁን፣ እኔን ለማስደሰት ይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም።